ገና ጀማሪ ነኝ፣ የራሴን የስካይዳይቪንግ ሪግ (ሙሉ የፓራሹት እቃ) ልግዛ ወይስ ኪራዩን ልቀጥል?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ ያልሽው እንደዚህ ነው፦ ኤኤፍኤፍ ማለት የጀማሪዎቹን የነጻ ውድቀት ኮርስ ጨርሰሽ ላይሰንስ አውጥተሻል፣ 30 ምናምን ዝላይ ላይ ነሽ፣ ክብደትሽ 58 ኪሎ፣ ቁመትሽ አጠር ያለ፣ ምትከራዪው ሪግ ላይ ያለው ካኖፒ ማለት የፓራሹቱ ጨርቅ 190 ስኩዌር ፊት ነው፣ ኪራዩ በየዝላዩ ሲደማመር አስጨንቆሻል። አሁን ደሞ አንድ የቆየ ዘላይ ዋናው ካኖፒ 135፣ ሪዘርቩ ማለት መጠባበቂያው ፓራሹት 113 የሆነ ሙሉ ሪግ በጥሩ ዋጋ ልሽጥልሽ ብሎሻል፣ ኤኤዲው ማለት ራስሽ ካልከፈትሽ ሪዘርቩን የሚከፍትልሽ መሳሪያ እድሜው ሊያልቅ አንድ አመት ገደማ ቀርቶታል፣ እና "አንቺ ቀላል ስለሆንሽ ምንም አይልሽም፣ ቶሎ ትለምጂዋለሽ" ይልሻል።

ሪገር ማለት ፓራሹት የሚመረምርና የሚያጥፍ ባለሙያም፣ አስተማሪም ስለሆንኩ ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ይሄንን ሪግ አትግዢው። የራስ እቃ መያዝ ጥሩ ነገር ነው፣ አንቺም ትደርሽበታለሽ፣ ግን መጀመሪያ ያንቺ የካኖፒ ሳይዝ መርጋት አለበት። ብዙ ሰው ጥያቄውን ከገንዘብ ይጀምረዋል፣ ከሳይዝ ነው መጀመር ያለበት፣ ሳይዙ ከታወቀ በኋላ የገንዘቡ ሂሳብ ራሱ ቀላል ነው።

ዊንግ ሎዲንግ ኮርስ ላይ ነግረውሻል፣ ከነእቃሽ ያለሽ ክብደት በፓውንድ፣ ለካኖፒው ስፋት በስኩዌር ፊት ሲካፈል ማለት ነው። 58 ኪሎ ነሽ፣ ሪጉ ሄልሜቱ ልብሱ ምናምኑ ሲጨመር 11 ኪሎ በይው፣ 69 ኪሎ ይሆናል፣ በፓውንድ 152 ገደማ። ይሄ በ190 ሲካፈል 0.8 ነው፣ በ170 0.89፣ በ150 1.01፣ በሰውዬው 135 ደሞ 1.13 ይመጣል። አዲስ ላይሰንስ ላወጣ ሰው ብዙ አስተማሪ ከ1.0 አትለፉ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሰውዬው "ያለፈው እኮ ትንሽ ነው" ሊልሽ ይችላል፣ ቁጥሩን ብቻ ካየሽው እውነት ይመስላል።

ቀለል ያሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት እዚህ ጋ ነው። ዊንግ ሎዲንጉ እኩል ስለሆነ ብቻ ትንሽ ካኖፒና ትልቅ ካኖፒ አንድ አይነት አይበሩም። ከነእቃው 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.1 ላይ ነው የሚበረው ስንል ካኖፒው 200 ነው፣ ላይኖቹ ማለት ገመዶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ቶግሉን ማለት የመሪውን እጀታ ሲስበው ካኖፒው አሰብ አድርጎ ነው የሚዞረው። 135 ላይ ላይኖቹ ያጥራሉ፣ ከካኖፒው ያለሽ ርቀት አጭር ስለሆነ ትንሽ ነካ ስታደርጊው ወዲያው ይዞርልሻል፣ ሲዞር ደሞ ወደ መሬት እየጠለቀ ነው የሚዞረው። ካኖፒው ባነሰ ቁጥር ያቺው 1.1 እየፈጠነች እየተቆጣች ትሄዳለች። ስለዚህ አጠርና ቀለል ላለ ሰው ከ1.0 በታች ትንሽ ቆየት ማለት ፈሪነት አይደለም፣ ፊዚክሱ ራሱ ነው የሚጠይቀው።

ለምን እንደዚህ እንደማጠብቀው ልንገርሽ። በዚህ ስፖርት ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ፓራሹት አልከፈት ሲል ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ ግን እግር የሚሰበረው፣ ወገብ የሚጎዳው፣ ሰው የሚሞተውም ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ በደንብ በተከፈተ ካኖፒ ስር ነው። ያላሰብሽው ሜዳ ላይ ልታርፊ ስትወርጂ ድንገት ሽቦ ታያለሽ፣ ወይ ሌላ ዘላይ ፊትሽ ይገባል፣ እጅሽ ሳታስቢው አንዱን ቶግል ወደታች ይጎትተዋል፣ ከፍታሽ 20 ሜትር ነው። በ190 ይሄንኑ ስህተት ብትሠሪ ብዙ ጊዜ ተንከባለሽ፣ ሱሪሽ ቆሽሾ ትነሻለሽ። በ135 ግን ካኖፒው ተመልሶ አናትሽ ላይ ከመድረሱ በፊት መሬቱ ይደርሳል። ከ30 ዝላይ በኋላ እጅሽ በድንጋጤ ሰአት ምን እንደሚያደርግ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅልሽም፣ ያንን የሚያስተምረው ጊዜና ድግግሞሽ ብቻ ነው።

አንድ ብዙ አስተማሪዎች የሚጠቀሙበት መመሪያ አለ፣ እስከ 100 ዝላይ ከ1.0 አትለፊ፣ ከዛ በኋላ በየ100 ዝላዩ 0.1 ጨምሪ ይላል፣ ይሄ ደሞ ጣሪያው እንጂ መድረስ ያለብሽ ቦታ አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ እኔ ማየው ችሎታሽን ነው። ወደ 170 ከመውረድሽ በፊት 190 ላይ እነዚህን በእርጋታ ማድረግ አለብሽ፦ ብሬክ ማለት ሁለቱን ቶግሎች ግማሽ ድረስ ስበሽ ይዘሽ መዞር፣ ከፍታ ሳታባክኚ ጠፍጣፋ ዙር መሥራት፣ ፍሌር እያደረግሽ ማለት ልታርፊ ስትይ ሁለቱን ቶግሎች ወደታች እየሳብሽ በትንሹ አቅጣጫ መቀየር፣ ጎን ነፋስ ላይ ማረፍ፣ ቀስ ባለ ነፋስ ጀርባሽን ሰጥተሽ ማረፍ፣ እና ካሰብሽው ቦታ ብዙም ሳትርቂ ደጋግመሽ መውረድ። መጀመሪያ ሁሉንም ከፍ ብለሽ ተለማመጂያቸው፣ የማረፊያዎቹን ደሞ ከአስተማሪ ጋር ተነጋግረሽ ነው። እነዚህ ካልሆኑልሽ 60ኛ ዝላይም ላይ ብትሆኚ 190 ላይ ቆዪ።

አሁን ኪራዩ ለምን እንደሚጠቅምሽ ይገባሻል። በሚቀጥሉት ወራቶች 190 ላይ ነሽ፣ ከዛ 170፣ ከዛ ምናልባት 150። ተከራይተሽ ከሆነ ይሄ ሁሉ "ዛሬ 170ውን ስጡኝ" ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። ገዝተሽ ከሆነ ግን ኮንቴይነሩ ማለት ጀርባሽ ላይ ያለው ቦርሳ ለአንድ ሳይዝ ነው የተሰፋው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሳይዝ ከፍ ወይ ዝቅ ቢል ነው የሚችለው። ለ190 የተሠራ ውስጥ 150 ብትከቺ ላላ ይላል፣ መዝጊያው ፒን በደንብ ውጥር ብሎ አይዝም፣ ሳታስቢው ሊከፈት ይችላል፣ በሰአት 200 ኪሎሜትር ገደማ እየወደቅሽ ወይ አውሮፕላን በር ላይ ቆመሽ ያለጊዜው መከፈት ደሞ ቀልድ አይደለም። ለ135 የተሠራው ውስጥ ደሞ 190 ጨርሶ አይገባም። ስለዚህ ሰውዬው "ሪጉን ውሰጂ፣ ለጊዜው ትልቅ ካኖፒ አስገቢበት" ቢልሽ አይሆንም በይው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሪጉን ዋጋ በብር ወይ በዶላር አትቁጠሪው፣ በኪራይ ቁጠሪው፣ ማለቴ የአንድ ዝላይ ኪራይ 1 ነው በይ። ለምሳሌ ብቻ ነው፣ አንድ ያገለገለ ደህና ሪግ የ160 ዝላይ ኪራይ ያህል ዋጋ አለው እንበል። ሁለት አመት ተጠቅመሽበት በ110 ሸጥሽው፣ በመሀል ለሪፓክ ማለት ሪዘርቩን በሪገር ለማሳጠፍ፣ ለላይን፣ ለጥቃቅን ጥገና 20 አወጣሽ። የወጣብሽ 50 ሲደመር 20፣ 70 ዝላይ ኪራይ ነው። በሁለት አመት ከ70 በላይ ከዘለልሽ መግዛቱ አዋጭቷል፣ 40 ብቻ ከዘለልሽ ኪራይ ይሻልሽ ነበር። ያንቺን ድሮፕዞን ማለት የምትዘይበትን ቦታ ኪራይና ያንቺን ሪግ ዋጋ አስገብተሽ ራስሽ አስዪው፣ ግን ስንት ጊዜ እንደምትዘይ ስትገምቺ ምኞትሽን ሳይሆን ያለፉትን ስድስት ወሮች እዪ። እና ያንን ሪግ ገዝተሽ ከስድስት ወር በኋላ ሳይዙ አልሆነኝም ብለሽ መሸጥ ካለብሽ ሂሳቡ በሙሉ ይገለበጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ደሞ አለ። ኪራይ ስትዘይ ብቻ ነው የሚቆጥርብሽ፣ የራስሽ እቃ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦም ይቆጥራል። ሪዘርቩ ብትዘይም ባትዘይም በየጊዜው በሪገር ተከፍቶ ተመርምሮ መታጠፍ አለበት፣ አሜሪካ ውስጥ በ180 ቀን ነው፣ ሌላ አገር 6 ወርም አንድ አመትም የሆነ አለ፣ ያንቺ አገር ምን እንደሚል ጠይቂ። ኤኤዲው ደሞ እድሜው በአመት ነው የሚቆጠረው፣ ከ2016 (በፈረንጅ) ወዲህ የተሠሩት ሳይፕረስ 2 የሚባሉት ኤኤዲዎች 15 አመት ተኩል፣ ከዛ በፊት የነበሩት 12 አመት ተኩል፣ ቪጂል የሚባሉት ደሞ 20 አመት ይሄዳሉ፣ በመሀል የፋብሪካ ምርመራና ባትሪ እንደየአይነቱ አለ። ለዚህ ነው በአመት 20 ጊዜ ለሚዘል ሰው ሁሌም ተከራይ የምለው፣ ልምድ ቢኖረውም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ከታዌይ ማለት የተበላሸ ዋና ካኖፒ ቆርጦ መጣል ቢያጋጥምሽ በራስሽ እቃ ከሆነ የተቆረጠውን ካኖፒና የሪዘርቩን ፍሪባግ ማለት ታጥፎ የነበረበትን ከረጢት ሜዳ ለሜዳ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ፣ ከጠፋም ከኪስሽ ነው። በኪራይ ደሞ ማን እንደሚከፍል ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሳትዘይ በፊት ጠይቂ፣ ስትፈርሚ አንብቢ።

ኪራይም ግን ችግር የለበትም አልልሽም፣ በተለይ ላንቺ። የኪራይ ሃርነስ ማለት ሰውነት ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ለመካከለኛ ሰው ነው የሚሰፋው፣ አጠር ላለ ሰው ዋናው ማንጠልጠያ ማለት ከትከሻ እስከ ዳሌ የሚወርደው ዌቢንግ ይረዝምበታል፣ ካኖፒው ሲከፈት ሪጉ ወደላይ ይሸሻል፣ የደረት ማሰሪያው ወደ አንገት ይመጣል፣ ከሁሉ የሚብሰው ደሞ ከታዌይና ሪዘርቭ ሃንድሎቹ ማለት የሚሳቡት እጀታዎች እጅሽ ከለመደው ቦታ ይሸሻሉ። ስለዚህ ያለውን ሪግ ሁሉ አንድ ቀን ለብሰሽ ሞክሪ፣ በደንብ የሚይዝሽን ለዪና ስትደውዪ ያንኑ እንዲይዙልሽ ለምኚ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው ስለሚበዛ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሪግ በቀየርሽ ቁጥር መሬት ላይ ሆነሽ ሃንድሎችሽን አይተሽ ነክተሽ የድንገተኛ ልምምድሽን ሙሉውን ሥሪው፣ ሰልፉ ቢረዝምም፣ ሰዎቹ ቢያዩሽም። የተማርሽበት ሪግ በሪፕኮርድ ማለት በሚሳብ እጀታ የሚከፈት ከነበረና የኪራዩ ከኮንቴይነሩ ታች ተስቦ የሚወረወር ፓይለት ቹት ማለት ዋናውን የሚያወጣ ትንሽ ፓራሹት ከሆነ ያ ለብቻው ከአስተማሪ ጋር ልምምድ ይፈልጋል። ኤኤዲው የተማሪ ነው ወይስ የኤክስፐርት የሚለውንም ጠይቂ፣ የተማሪው ሳይፕረስ በሰከንድ 13 ሜትር ፍጥነት ላይ ሊሠራ ይችላል፣ የኤክስፐርቱ 35 ሜትር ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ሪጉ ላይ ያለው የተማሪው ከሆነ ካኖፒ ስር ዝቅ ብለሽ ኃይለኛ ስፓይራል ማለት ተከታታይ ዙር መሥራት የለብሽም።

እጅሽ ላይ ያለውን ብር አሁኑኑ የራስሽ የሆነ ነገር ላይ ማዋል ከፈለግሽ ሰውነትሽ ላይ የሚውለውን ግዢ። አልቲሜትር ማለት ከፍታ መለኪያው የመጀመሪያው ይሁን፣ አንዴ ከለመድሽው ብዙ አመት ያገለግላል፣ እኔ ለጀማሪ ባለ መርፌውን እመርጣለሁ፣ ቁጥር ሳታነቢ በጨረፍታ ስለሚገባ። ከዛ ልክሽ የሆነ ሄልሜት፣ መነጽር፣ ጃምፕሱት። ጆሮ ላይ የሚጮኸውን ኦዲብል ትንሽ አቆዪው፣ አይንሽ ከፍታ ማየት ይልመድ። እነዚህ ሳይዝሽ ቢቀየርም አብረውሽ ይሄዳሉ።

ታዲያ መቼ ነው የምገዛው ካልሽ፣ አንድ ካኖፒ ላይ ብዙ ዝላይ ዘለሽ "ይሄ ሳይዝ ለሚቀጥለው 100፣ 200 ዝላይ ይሆነኛል" ስትይና አስተማሪሽም ሲስማማ ነው። ላንቺ ያ 150 ይመስለኛል፣ 170ም ሊሆን ይችላል፣ በነፋስ ላይ ስትወርጂ አይቼ ቢሆን የበለጠ እርግጠኛ ሆኜ እነግርሽ ነበር። ያኔ ካኖፒውን ያገለገለ ግዢ፣ ዜሮ ፒ የሚባለው አየር የማያሳልፍ ጨርቅ ላይኑ እየተቀየረለት ከተያዘ ሺህ ዝላይ አልፎም ይበራል፣ እንዲያውም አዲስ ዜሮ ፒ ስለሚያዳልጥ ለጀማሪ ለመታጠፍ ያስለቅሳል፣ ያገለገለው ይሻላል። ኤፍ 111 የሚባለው ትንሽ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ የሆነ ዋና ካኖፒ ግን ብዙ መቶ ዝላይ ከሄደ ፍሌሩ ስለሚሞት እለፊው። አዲስ የምታሠሪው ነገር ካለ ገንዘብሽን ሃርነስና ኮንቴይነሩ ላይ አውይ፣ ባጭር ሰው ልክ የተሰፋ ያገለገለ ማግኘት ከባድ ነው፣ በልክሽ ከተሠራ ሃንድልሽ ሁሌ አንድ ቦታ ነው። አዲስ ማሠራት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በዛ መሀል ኪራይሽን ትቀጥያለሽ። ያገለገለ ሃርነስ ማሳጠርም ይቻላል፣ ግን ፋብሪካው ወይ ለዛ ሥራ ፈቃድ ያለው ሪገር እንጂ ልብስ ሰፊ አይነካውም።

ሪዘርቩን ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው፣ እኔ ከፊት ነው የማስቀምጠው። 113 ላንቺ 1.35 ነው የሚሆነው። አስቢው፣ ዋናው ካኖፒሽ ተበላሽቶ ቆርጠሽ ጥለሽው፣ ልብሽ እየመታ፣ ዝቅ ብለሽ፣ የማታውቂው ሜዳ ላይ፣ በህይወትሽ በርረሽው በማታውቂው ፈጣን ካኖፒ ልታርፊ ነው። ወይም ራስሽን ስተሽ ኤኤዲው ከፍቶልሽ ማንም ፍሌር ሳያደርገው መሬት ልትደርሽ ነው። ለክብደትሽ 143 አካባቢ ቢሆን 1.06 ነው፣ በጣም ይለያል። ኮንቴይነር ስትመርጪ ይሄ ሪዘርቭ በልኩ የሚገባበትን ምረጪ፣ ተጠቅጥቆ የገባ ሪዘርቭም አልፈልግም። ከታዌይ ስታደርጊ ሪዘርቩን አብሮ የሚስብ አርኤስኤል ካለው አታስነቅዪው።

ሌላ ሪግ ስታገኚ የምትጠይቂው ይሄን ነው። የእያንዳንዱ እቃ የተሠራበት ቀንና ሴሪያል ቁጥር፣ ያ ሴሪያል ላይ አምራቹ ያወጣው የሰርቪስ ቡለቲን ማለት የጥገና ማሳሰቢያ ካለ ተሠርቶለታል ወይ፣ ሪዘርቩ ስንት ጊዜ ተዘሎበታል፣ ስንት ጊዜ ታጥፏል። ፐርፎርማንስ ዲዛይንስ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ሪዘርቭ ከሆነ ጨርቁ ላይ የሚሞላ ሰንጠረዥ አለ፣ 25 ጊዜ ከተዘለለ ወይ 40 ጊዜ ከታጠፈ ለምርመራ ወደ ፋብሪካው መመለስ አለበት። ዋናው ካኖፒ ላይ ላይኑ ስንት ዝላይ ሄዷል በይ፣ ስፔክትራ የሚባለው የላይን አይነት ከሆነ በስላይደሩ ማለት ላይኖቹ ላይ በሚንሸራተተው ጨርቅ ሰበቃ ሙቀት እየተኮማተረ ስለሚሄድ የብሬክ ላይኑ ያጥርና ካኖፒው ሁሌ ብሬክ ተይዞ እንደሚበር ይሆናል፣ ቬክትራንና ኤችኤምኤ የሚባሉት ላይኖች አይኮማተሩም ግን ከተበሉ በኋላ በድንገት ይበጠሳሉ። ጨርቁ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጨው ውሃ ወይ አሸዋ የገባበት፣ መኪና ውስጥ ፀሀይ ላይ ከርሞ የኖረ ከሆነ ናይለኑ ደክሟል። ሶስቱ ቀለበቶች ያሉበት ራይዘር ማለት ላይኖቹን ከሃርነሱ የሚያገናኘው ማሰሪያ አካባቢ የተቆነጠረ ወይ የደረቀ ዌቢንግ እዪ። ይሄን ሁሉ አንቺ ካየሽው በኋላ ደሞ ሻጩን የማያውቅ፣ አንቺ የመረጥሽው ሪገር ሪዘርቩን ከፍቶ ያየዋል፣ ክፍያው ካንቺ ይሁን፣ ብሩ ደሞ ምርመራው እስኪያልቅ አይከፈልም። ሻጭ ይሄንን እምቢ ካለ ሪጉ የቱንም ያህል ቢያምር ተነሺና ሂጂ።

ለዚህኛው ሰውዬ ግን ምርመራም አያስፈልገውም፣ ሳይዙ ነው የጣለው። አመስግነሽው አሁን 190 ላይ እንደሆንሽ፣ 150 አካባቢ ካኖፒና 143 አካባቢ ሪዘርቭ ያለው፣ ለአጭር ሰው የተሰፋ ነገር ካየ እንዲነግርሽ ጠይቂው፣ የቆዩ ዘላዮች ማን ምን እንደሚሸጥ ቀድመው ነው የሚሰሙት። እስከዛ በሚቀጥለው የዝላይ ቀንሽ ካኖፒ ላይ ብቻ የሚያተኩር ዝላይ ከአስተማሪሽ ጋር ያዢ፣ ከፍ ብለሽ ውጪና ወዲያው ክፈቺ፣ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ዙሮች አንድ በአንድ ሞክሪያቸው፣ የትኛው እንዳስቸገረሽ ጻፊልኝና ከሱ እንቀጥላለን።